ሥዕል ውስጥ የታሰረ ፊደል

በ1998 ዓ.ም. ለአንድ ጉዳይ ጎንደር ሄጄ ነበር። ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ለማስነሣት የገባሁባት ክፍል ጠባብ ብትሆንም የማትሠራው ሥራ የለም። በአንድ በኩል ፎቶ ኮፒ ይነሣል፤ በሌላው በኩል መታወቂያ ላሚኔት ይደረጋል፤ ጥጉ ላይ ደግሞ ሦስት ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። ከሦስቱ በአንዱ ላይ ያጎነበሰ ወጣት የአንድ ተወላጆች ማኅበር ዌብሳይት ይሠራል። ጠጋ ብዬ አየሁት። እውነትም ያምራል። ከላይ የፋሲል ግንብ ቆሟል፤ ግራና ቀኙን ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ የተወሰዱት ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች ያጅቡታል፤ መሐሉ ላይ አማርኛው በወርቅማ ቀለም ተጽፏል።

«ጎሽ! ቆንጆ ነው» አልኩት።

«ገና ነው ጋሼ። ሁለት ወር ፈጀብኝ። በፎቶሾፕ ነበር የጀመርኩት፤ አሁን ኮረልድሮው ይሻልሃል ይሉኛል። አንዱ ደግሞ ፋየርወርክስ ካልሆነ ዌብሳይት አይባልም አለኝ። እርስዎ የትኛውን ይመክሩኛል?»

ይህን ጊዜ ክፍሏ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አማካሪ ሆነ። ፎቶ ኮፒ አንሺው የፎቶሾፕ ደጋፊ ነው። መታወቂያ የሚያሽገው ልጅ ኮረልድሮውን ያዘ። ኢሜይሉን ሊያይ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁለቱንም ናቀና ሦስተኛ ስም ጠራ። ክርክሩ የእግር ኳስ እንጂ የሙያ አይመስልም ነበር።

የእኔ ዓይን ግን ጽሑፉ ላይ ነበር። ማኅበሩ ከአምስት ሽማግሌዎች ያሰባሰበው ትዝታ ነው። የቀሐ ኢየሱስ፣ የአበራ ጊዮርጊስ፣ የፊት አቦ፣ የአዲስ ዓለም ሰፈሮች ታሪክ፤ ስለ አርባ አራቱ ታቦት የሚነገረው፤ የቅዳሜ ገበያ የድሮ ወግ። ሽማግሌዎቹ ቡና እየጠጡ ሲያወሩ አንድ መምህር በደብተር ጽፎ ያመጣው ነው።

«ጽሑፉን ለብቻው አስቀምጠኸዋል?» አልኩት።

«ምን ያደርጋል ጋሼ? እዚሁ ሥዕሉ ላይ ጽፌዋለሁኮ። በሥዕል ከሆነ ፎንት የሌለው ሰውም ያነበዋል።»

በዚያን ጊዜ መልሱ ብልህነት ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ ዛሬም ይቆጨኛል።

በማግስቱ አንድ ወዳጄ ያዘዘውን የብራና ዳዊት እንዳይለት አደራ ብሎኝ ነበርና ወደ አንድ ቁም ጸሐፊ መሪጌታ ቤት ሄድኩ። ደጃቸው ላይ በፀሐይ ተቀምጠው ብርዕ ይቀርጻሉ። የትናንቱ ክርክር ከጆሮዬ አልወጣምና ጠየቅኳቸው።

«የኔታ፣ መጽሐፍ ሊጽፉ ሲነሡ መጀመሪያ የሚመርጡት ምኑን ነው? ብርዑን ነው ወይስ ቀለሙን?»

ሳቁብኝ። «አይ ልጄ! መጀመሪያማ የሚመረጠው መጽሐፉ ነው። ዳዊት ነው? ተአምር ነው? ማን ያነበዋል? አትሮንስ ላይ ነው ወይስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ? ይህን ሳታውቅ ፍየል ማረድ ፍየሉን መበደል ነው።»

ወጣቱ ሁለት ወር ሙሉ ያልጠየቀውን ጥያቄ የኔታ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ነገሩ የእርሳቸው ብቻ አልነበረም። የጎንደር የመጻሕፍት ሥራ ለዘመናት የቆመው በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው።

ሥራው ከቆዳ ይጀምራል። የፍየሉ ቆዳ ይነከራል፤ በመወጠሪያ እንጨት ላይ ይወጠራል፤ ይፋቃል፤ ይለሰልሳል። ከዚያ በመጽሐፉ ልክ ይቆረጥና ይታጠፋል። ብዕር ከመነሣቱ በፊት በወስፌ ዳርና ዳሩ ይበሳል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳም ቀለም በሌለው ደነዝ ጫፍ መስመር ይሰመራል። ይህ መስመር ለአንባቢ ጎልቶ አይታይም። ገጹን የያዘው ግን እርሱ ነው። ዓምዱ አንድ ይሁን ሁለት ወይስ ሦስት፣ ኅዳጉ ምን ያህል ይስፋ፣ ለሥዕል ስንት መስመር ይተው፤ ይህ ሁሉ የሚወሰነው ገና ፊደል ሳይጻፍ ነው። ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ በአንድ ዓምድ ይበቃዋል። ትልቁ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ዓምድ ይይዛል።

ቀጥሎ የፊደሉ ዓይነት ነው። የጎንደር ዘመን ጸሐፍት ለነገሥታቱና ለታላላቆቹ አድባራት መጻሕፍት ጉልሕ የሚባለውን፣ ደንዳናና ከሩቅ የሚነበበውን አጻጻፍ ይመርጡ ነበር። ለትንንሾቹ ረቂቁ ነበረ። ከዚያ ጥቁሩ ቀለም ይሄዳል፤ ቀዩ ይከተላል። ቀዩ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ቅዱሳት ስሞች፣ የምዕራፍ መነሻዎች፣ የአንባቢው ዓይን እንዲያርፍበት የሚፈለገው ሁሉ በቀይ ይጻፋል። ሐረጉና ሥዕሉ የሚመጡት ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ነው። ሠዓሊው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ጸሐፊው ግን ቦታውን ትቶለታል። ሠዓሊው ሳይመጣላቸው የቀሩ፣ ባዶ ቦታቸውን እንደያዙ የተጠረዙ የብራና መጻሕፍት አሉ። ሥዕሉ ቀረባቸው እንጂ ቃላቸው ሙሉ ነው። ቅደም ተከተሉ ያተረፈልን ይህን ነው። ከሚቀረው የሚበልጠው አስቀድሞ ይሠራል።

ጎንደር ሥዕልን የናቀች ከተማ ሆና አይደለም። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 መናገሻቸውን ከተከሉባት ጊዜ ጀምሮ ሠዓሊና ጸሐፊ የተሰበሰበባት ከተማ ናት። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የተከሉት አድያም ሰገድ ኢያሱ (1682–1706 እ.ኤ.አ.) ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1730 በኋላ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ደግሞ ብርሃንና ጥላ የሚታይበት፣ ቀለሙ የደመቀው ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል ገነነ። የጎንደር ሠዓልያን ከውጭ መማርንም አልፈሩም። እ.ኤ.አ. በ1591 ሮም ውስጥ የታተመ፣ በእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ያጌጠ የዐረብኛ ወንጌል እጃቸው ገብቶ አቀማመጡን ወሰዱ፤ ፊቱን፣ ልብሱንና ቀለሙን ግን የአገራቸው አደረጉት። ከባሕር ማዶ የመጣው መሣሪያና ንድፍ ተለማማጅ ሆኖ ገባ እንጂ ቃሉን ከመንበሩ አላነሣውም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ልማድ ያለው ሕዝብ ልጅ እንዴት ፊደሉን ሥዕል ውስጥ አሰረው? ጥፋቱን በወጣቱ ላይ መደፍደፍ አይገባም። መኪናው ነው ፊደሉን ያስቸገረው።

ፊደላችን ወደ ማተሚያ መኪና የገባው ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ ዮሐንስ ፖትከን የግዕዝ ዳዊት አሳትሟል። ማተሚያ ቤት የፈለገውን ያህል የእርሳስ ፊደል ቀርጾ መደርደር ይችላል፤ የጽሕፈት መኪና ግን ቁልፎቹ ጥቂት ናቸው። እነ ኢንጂነር አያና ብሩ የደከሙት ይህን ሁሉ ፊደል በእነዚያ ጥቂት ቁልፎች ለማብቃቃት ነው። በጽሕፈት መኪናው ላይ ፊደሉ ከነቅርጹ አይወጣም፤ ገላው ይመታና ካዕቡም ሣልሱም በቅጥያ ይሠራል። ፊደሉ ለመኪናው ሲል ጎበጠ።

ኮምፒውተር ሲመጣ ችግሩ መልኩን ቀየረ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በውጭ የሚኖሩ እንደ አቶ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ኢትዮጵያውያን ፊደሉን ኮምፒውተር ላይ አወጡት። ትልቅ ሥራ ነው። ግን የዚያ ዘመን ፎንት የሚይዘው ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበር፤ እርሱም የተሠራው ለላቲን ነው። የእኛ ፊደል ከነዝርያው፣ ከነቁጥሩ አይገባበትም። ስለዚህ ለሁለት ለሦስት ፎንት እየተከፋፈለ በላቲኑ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እያንዳንዱ የሶፍትዌር ሠሪም በየራሱ አቀማመጥ ደረደረው። በአንዱ «ሀ» የነበረው ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የእንግሊዝኛ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከቢሮ ቢሮ ደብዳቤ በፍሎፒ የላከ ሰው ይህን መከራ ያውቀዋል።

ወረቀት ላይ ለሚያትም ሰው ነገሩ ብዙም አይጎዳም። አንዴ ከታተመ ታተመ። ዌብሳይት ግን በአንባቢው ኮምፒውተር ላይ ነው የሚጻፈው። ከጎንደር የላክኸውን ጽሑፍ ሚኒሶታ ያለው ዘመድህ እንዲያነበው ያንኑ ፎንት ማውረድና መጫን ነበረበት። የአማርኛ ድረ ገጾች «መጀመሪያ ፎንቱን ያውርዱ» በሚል ማስጠንቀቂያ የሚጀምሩበት ዘመን ነበር። መሸሻው ሁለት ነበር፤ አንድም ጽሑፉን ፒዲኤፍ ማድረግ፣ አንድም ሥዕል ማድረግ። ዲዛይነሩ ሁሉን በፎቶሾፕ ይሥልና እንደ ዳቦ ቆራርጦ ገጹ ላይ ይደረድረዋል። ያማረ ነበር። ግን በስልክ መስመር በሚሄደው ኢንተርኔት አንድ ገጽ እስኪከፈት ቡናው ከአቦል ቶና ይደርሳል።

መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ መዝገብ የሚያሰፍረው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል በ345 ምልክቶች መዘገበ። ከዚያ በኋላ «ሀ» የትም ቢሄድ «ሀ» ነው። ሆኖም መመዝገብና እጅ መግባት ይለያያሉ። የአማርኛ ፎንትና የአማርኛ መጻፊያ ከነዊንዶውሱ አብሮ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ በቀረበው ቪስታ ነው፤ ፎንቱም ኒያላ ይባላል። እንግዲህ ከ1999 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ድረስ ፊደሉን ሥዕል ማድረግ ምክንያት ነበረው። ከዚያ ወዲህ ያለው ልማድ ብቻ ነው።

ወደዚያ ዌብሳይት ልመለስ። በ2001 ዓ.ም. ስለ ጎንደር ሰፈሮች አንድ ጽሑፍ ልጽፍ ፈለግሁና ትዝ አለኝ። መፈለጊያው ላይ «ቀሐ» ብዬ ብጽፍ ምንም የለም። እንዴት ይኑር! ለኮምፒውተሩ ያ ገጽ ሥዕል ነው፤ ግንብ ነው፤ ክንፍ ነው። «ቀሐ» የሚል ቃል አላየበትም። አድራሻውን ከድሮ ወረቀቴ ፈልጌ ስከፍተው ግማሹ ሥዕል ጠፍቶ ቀይ ኤክስ ብቻ ቀርቷል። የሰብሳቢው ስልክ ቁጥርም የማይሠራ ነው። ወጣቱን በሰው በሰው አፈላልጌ አገኘሁት፤ አዲስ አበባ ገብቶ የማስታወቂያ ሥራ ይዟል።

«ጋሼ፣ ስልኩን ለውጥልን ብለውኝ ነበር» አለኝ። «አንድ ቁጥር ለመለወጥ ሥዕሉን እንደገና መሥራት ሊኖርብኝ ነው። ንብርብሩ ያልተዋሐደው ዋናው ፋይል ደግሞ ቫይረስ ገብቶ ኮምፒውተሩ ፎርማት ሲደረግ አብሮ ጠፋ።»

«ደብተሩስ?»

«ለማኅበሩ መልሻለሁ።»

ማኅበሩ ደግሞ «ልጁ ጋ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ የዓመት ክፍያ የሚከፍል ጠፋና ገጹ ተዘጋ። ከአምስቱ ሽማግሌዎች ሦስቱ በዚህ መሐል አርፈዋል። የቀሩትን ሁለቱን አግኝቼ ከአንዱ ጥቂት ሰማሁ፤ ሌላው የሚያስታውሱት ትንሽ ነበር።

የኔታ ቤት ያየሁት ነገር ያን ጊዜ ነው ይበልጥ የገባኝ። የዳዊቱን አንድ ገጽ ሲያሳዩኝ አንድ ቃል ላይ ቢላዋ አሳርፈው የተሳሳተውን ፊደል በስሱ ፍቀው በላዩ ጻፉበት። ሌላ ቦታ ደግሞ የተዘለለ ቃል በመስመሮቹ መካከል አስገብተዋል። ብራና ይታረማል። ለምእት ዓመታት እንዲኖር የተሠራው ነገር እርማትን አስቦ ነው የተሠራው። የእኛ ዘመናዊ ገጽ ግን ለአንድ ስልክ ቁጥር እንኳ አልታረም አለ። ብራና ላይ ያለ ፊደል ይፋቃል፤ ሥዕል ውስጥ የታሰረ ፊደል ግን እስረኛ ነው።

ይህ የአንድ ማኅበር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጎንደር መጻሕፍቷን ደጋግማ አጥታለች። እ.ኤ.አ. በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን ሲመዘብሩ የአድባራቷ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጋዙ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከዚያ ክምችት ወደ 350 የሚጠጉት ወደ ለንደን ሄዱ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ከእነዚህ ውስጥ የብዙዎቹ ፎቶ ተነሥቷል። ሆኖም እዚህም ያው ትምህርት ይጠብቀናል። የገጽ ፎቶ ገና ጽሑፍ አይደለም። የጎንደር መጽሐፍ ፎቶው በስልካችሁ ተከፍቶ ውስጡ ያለውን አንድ የቦታ ስም ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ ተነብቦ በፊደል ካልተመዘገበ በቀር። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ፎቶ አንሥቷል። ለተመራማሪው መንገድ የከፈተለት ግን እነ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሚኒሶታ ተቀምጠው የእያንዳንዱን መጽሐፍ ይዘት በቃል የመዘገቡበት ካታሎግ ነው። ፎቶው ዕቃውን አዳነ፤ መዝገቡ ግን ትርጉሙን ሰጠው።

እንግዲህ ያ ወጣት በዚያን ቀን ለጠየቀኝ ጥያቄ ዘግይቼም ቢሆን መልስ ልስጥ።

የትኛውን ሶፍትዌር? የትኛውንም። ፎቶ ለማረም ፎቶሾፕ አለ፤ መግዣ ለሌለው ጊምፕ በነፃ አለ። ዓርማና ሐረግ ለመሣል ኮረልድሮውም ኢለስትሬተርም ይሆናል፤ በነፃ ደግሞ ኢንክስኬፕ ይገኛል። የገጹን አቀማመጥ ለመንደፍ ዛሬ ብዙው ሰው ፊግማን ይዟል። ነገም ሌላ ይመጣል። በዚያች ክፍል «ካልሆነ ዌብሳይት አይባልም» የተባለለት ፋየርወርክስ እ.ኤ.አ. በ2013 ዕድገቱ ቆመ። በዚያ ዘመን የሚያብለጨልጭ ገጽ ሁሉ ይሠራበት የነበረው ፍላሽ በ2020 መጨረሻ ተዘጋ፤ በእርሱ ብቻ የተሠሩት ገጾችም አብረውት ጨለሙ። ብርዕ ያልቃል፤ ሌላ ይቀረጻል። ለብርዕ ብሎ መጽሐፍ የሚሠራ ጸሐፊ ግን አልነበረም።

የሚጠቅመው ተራው ነው። በመጀመሪያ ቃሉ በዩኒኮድ ፊደል፣ ያለ ምንም ጌጥ፣ በተራ ፋይል ይጻፍ፤ ይታረም፤ በሁለት በሦስት ቦታ ይቀመጥ። ቀጥሎ ወረቀትና እርሳስ ይነሣና ገጹ ይሰመር። ርእሱ የት፣ ዓምዱ ስንት፣ ለሥዕሉ ምን ያህል? ይህ የወስፌውና የደነዙ ጫፍ ሥራ ነው። ከዚያ የፊደሉ ዓይነት ይመረጥ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም፤ ስለዚህ ለላቲን የተዘጋጀን ንድፍ እንዳለ ብንገለብጠው ርእሱ ከሐተታው አይለይም። መስመሮቹም ከተጠጋጉ ገጹ ጥቁር ግድግዳ ይሆናል፤ ሰፋ ይበሉ። አንድ ቃል እንዲጎላ ስንፈልግ እንደ ፈረንጁ ፊደሉን ማጋደል አያስፈልግም፤ አባቶች በቀይ ቀለም ነው ያጎሉት። ሥዕሉ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ፤ መጠኑም ይቀንስ፤ በደካማ መስመር የሚያነብ ዘመድ አለና። ንብርብሩ ያልተዋሐደው ዋናው የሥዕል ፋይልም ለባለቤቱ ይሰጥ እንጂ በዲዛይነሩ ፍላሽ ዲስክ ውስጥ አይቅር።

«ዛሬ እኮ ሰው በስልክ ነው የሚያነበው፤ ገጹ መጠኑ የማይታወቅ ሆነ» የሚል ይኖራል። ለዚህም ጎንደር መልስ አላት። አትሮንስ ላይ የሚዘረጋ ትልቅ ዳዊት አለ፤ በማኅደር ሆኖ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ዳዊት አለ። ዳዊቱ አንድ ነው፤ ዓምዱና የፊደሉ መጠን ነው የሚለያየው። ቃሉ ነፃ ከሆነ ለትልቁም ለትንሹም ይበቃል። ሥዕል ውስጥ የታሰረ ፊደል ግን በትልቁ ስክሪን ይደበዝዛል፣ በትንሹ አይነበብም።

ዛሬም ፊደላቸውን በሥዕል ያሰሩ መሥሪያ ቤቶች፣ ማኅበራትና አድባራት ሞልተዋል። ማስታወቂያቸውን፣ ታሪካቸውን፣ የሙታኖቻቸውን ዝርዝር ሳይቀር በሥዕል ይለጥፋሉ። ያምራል። ከዓመት በኋላ ግን ፈላጊ አያገኘውም፤ ዓይነ ስውር የሆነ ወገናችን በድምፅ አንባቢው ሊሰማው ይቸገራል፤ ስሕተት ቢኖርበት የሚያርመው የለም።

ከየኔታ ቤት ስወጣ ዳዊቱ መቼ እንደሚደርስ ጠየቅኳቸው።

«ጽሕፈቱ ለፋሲካ ያልቃል» አሉኝ። «ሥዕሉ ግን ሠዓሊው ሲመጣ ነው።»

«ሠዓሊው ባይመጣስ?»

ብርዓቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩና ቀና ብለው አዩኝ።

«ባይመጣማ ወዳጅህ ይጸልይበታል።»